ዝናቡ ሳያባራ ማረፍ፦ የክረምት ሽርሽር በአዲስ አበባ ዙሪያ

ልጆች ትምህርት የሚዘጋላቸው ልክ ዝናቡ ሲገባ ነው። ጥቅምት ላይ ሰማዩ ብራ ሆኖ ከእንጦጦ አናት ሩቅ አገር ሲታይ እነሱ ክፍል ውስጥ ናቸው። ሐምሌ ላይ ነፃ ሲወጡ ደግሞ ውጭው ጭቃ ነው። እናም ብዙ ቤተሰብ ሽርሽሩን «መስከረም ይጥባና» እያለ ያሳድረዋል። መስከረም ሲጠባ የደብተርና የዩኒፎርም ወጪ ይመጣል፤ ሽርሽሩም በዚያው ይቀራል።

ክረምት ላይ ከከተማ ወጣ ማለት ግን ደስ ይላል። አቧራ የለም፣ ሜዳው ለምለም ነው፣ ግርግሩም ይቀንሳል። ከታች የምነግራችሁ ሁለት ሌሊት አድሮ ለመመለስ ላሰበ ቤተሰብ ነው። ነገሩ ሁሉ የሚያርፈው አንድ ነገር ላይ ነው፦ በክረምት ሽርሽር የጠዋት ሥራ ነው፣ ከሰዓቱ የቤት ነው። ቀኑን እንዲህ የከፈለ ሰው ከዝናቡ ጋር አይጣላም።

1. የዝናቡን ሰዓት ያዙ

አዲስ አበባና ዙሪያዋ አብዛኛውን ዝናብ የሚያገኙት ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ይብሳሉ። ቢሆንም ዝናቡ ቀኑን ሙሉ እኩል አይወርድም። ጠዋት ፀሐይ መሬቱን ታሞቃለች። የሞቀው እርጥብ አየር ወደ ላይ ይወጣል፣ እዚያ ይቀዘቅዛል፣ ደመና ይሆናል። ተራራ አጠገብ ይሄ ነገር ይፈጥናል። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ጠዋት ብራ ይሆንና ከ6 ሰዓት በኋላ ሰማዩ ይከብዳል፤ 8 ወይም 9 ሰዓት ላይ ዶፉ ይወርዳል። ሌሊትም ይዘንባል፤ እሱ እንኳ እንቅልፍ ያጣፍጣል።

ስልካችሁ ላይ ያለው የአየር ትንበያ ሐምሌን በሙሉ የዝናብ ሥዕል ይደረድርበታል። እሱን አይታችሁ አትሰርዙ። የየሰዓቱን ክፈቱና ከጠዋቱ 1 እስከ 6 ሰዓት ያለውን ብቻ ተመልከቱ።

ከዚያ 12 ሰዓት ላይ ተነሱ፣ 1 ሰዓት ላይ ውጡ፣ ቢዘገይ 7 ሰዓት ላይ ጣሪያ ስር ሁኑ። «ተጣጥበን፣ ቁርስ በልተን፣ ቡና ጠጥተን» የሚል ቤተሰብ 5 ሰዓት ላይ ይወጣና በስብሶ ይመለሳል። ቁርሱን ይዛችሁ ውጡ። ቡናው ከሰዓት ይደርሳል።

አንዳንድ ቀን ደግሞ ከንጋት ጀምሮ ያካፋል፣ ጭጋጉም አይነሳም። እንዲህ ያለውን ቀን አትታገሉት። ለዚህ ብላችሁ «ቅዳሜ እዚህ፣ እሁድ እዚያ» ብላችሁ አትቁረጡ። በጣም የጓጓችሁበትን ቦታ መጀመሪያ ብራ ሆኖ ለነጋው ጠዋት ስጡት።

2. ሳምንቱን ምረጡ

ምርጫ ካላችሁ ሐምሌን ለቤት፣ ነሐሴን ለመውጣት አድርጉት። ዝናቡ ያው ነው፤ ነሐሴ ላይ ግን የሚደረግ ነገር ይበዛል። የበቆሎ እሸት ይደርሳል። ነሐሴ 13 ቡሄ ነው፤ ዋዜማው ላይ ከከተማ ዳር ካደራችሁ ጅራፍ ሲጮህ ትሰማላችሁ፣ ሆያ ሆዬ የሚሉ ልጆች በር ላይ ይመጣሉ። ዝርዝር ብር ያዙ። ሙልሙል ከቤት ጋግራችሁ ብትሄዱማ የበለጠ ያምራል።

ከነሐሴ 1 እስከ 15 ፍልሰታ መሆኑን አትርሱ። ልጆችም የሚጾሙት ጾም ስለሆነ ማረፊያው የጾም ምግብ ምን ምን እንዳለው፣ ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደሚያቀርብ ቀድማችሁ ጠይቁ። የሱሉልታና የሆለታ ወተት፣ ቅቤና አይብ ያማራችሁ ደግሞ ከጾሙ በፊት ወይም በኋላ ሂዱ።

3. ቦታውን በከፍታውና በመንገዱ ምረጡ

ከፍታ በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱን በግምት 6 ዲግሪ ይቀንሰዋል። የእንጦጦ አናት ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት ደመና ስር፣ በሁለቱ መካከል የአንድ ሹራብ ልዩነት አለ ማለት ነው።

ሕፃን ልጅ ወይም አያት ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ቢሾፍቱን እመክራለሁ። 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ እስከ ከተማው ድረስ አስፋልት ነው፣ ይሞቃል። ሆራና ባቦጋያ እሳተ ገሞራ በፈጠራቸው ጉድጓዶች ውስጥ የተኙ ሐይቆች ናቸው፤ ዝናብ ሲወርድባቸው ከበረንዳ ማየቱ ራሱ ሽርሽር ነው። ዳርቻቸው ግን ገደላማ ነው። ዝናብ ሲመታው ያዳልጣል፤ ልጆችን ብቻቸውን አትልቀቁ።

ብርድ የማይፈራ ወደ ሱሉልታ ይውጣ። ከአዲሱ ገበያ ታክሲ አለ። ሜዳው ክረምት ላይ ውሃ ይቋጥርና ወፍ ይሞላበታል። መኪና የሌለው ሰው ደግሞ ሽሮ ሜዳ ድረስ ሄዶ ወደ እንጦጦ በሚወጣ ታክሲ መጠቀም ይችላል። ከአስኮ በቡራዩ በኩል ገፈርሳ ግድብ አጠገብ የሚያልፈው የአምቦ መንገድም ለግማሽ ቀን ይበቃል።

ከሁሉም ለእኔ ልዩ የሆነው መናገሻ ሱባ ነው። ወጨጫ ተራራ ላይ ያለ ጥንታዊ ደን ነው፤ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። ጥዱ፣ ዝግባው፣ ኮሶው ሰማይ ይነካል። በሰበታ በኩል የሚገባው የመጨረሻው መንገድ ግን ዝናብ ሲበዛ ከባድ ስለሆነ ትንሽ መኪና ይዞ አይሞከርም። ሁለት ሦስት ቀን በደንብ ሳይዘንብ ከቆየ ብቻ፣ ያውም ከፍ ባለ መኪና ሂዱ።

ቦታ ከመያዛችሁ በፊት ደውሉ። ድረ ገጹ ላይ ያለው ፎቶ የተነሳው በጥር ነው። እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦

«ወንድሜ፣ ከአስፋልቱ እስከ በራችሁ ስንት ይሆናል? በዚህ ሳምንት ትንሽ መኪና ገብቷል?»
«መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር አላችሁ? የሻወሩስ ውሃ ይሞቃል?»
«ጣሪያ ያለው በረንዳ አለ?»
«ክፍሉ የሚሞቀው በምንድን ነው?»
«መንገዱ ከተበላሸ ቀኑን ታዛውሩልናላችሁ?»

በረንዳውን በጣም ጠይቁ። ልጆች ይዞ ከሰዓቱን ሙሉ አራት ግድግዳ ውስጥ መቀመጥ ያስመርራል። ሰፊ በረንዳ ካለ ግን ውጭም ናችሁ፣ ደረቅም ናችሁ። ለማሞቂያው ጥያቄ «ከሰል እናስገባላችኋለን» የሚል መልስ ካገኛችሁ ሌላ ቦታ ፈልጉ። ምክንያቱን ወደ ታች አነሳዋለሁ።

4. ጓዙን ከእግር ጀምራችሁ አዘጋጁ

ሰው ዝናብ ሲባል ጃንጥላ ያስባል። እንጦጦና ሱሉልታ ላይ ጃንጥላ ነፋስ ይገለብጠዋል። ኮፍያ ያለው የዝናብ ካፖርት ይሻላል። ከሁሉም በፊት ግን እግር ነው። እግሩ የረጠበ ልጅ በሩብ ሰዓት ውስጥ «ወደ ቤት እንሂድ» ይላል። ለሁሉም የፕላስቲክ ቦት ግዙ፤ ሁለት ካልሲ እንዲያስገባ አንድ ቁጥር ከፍ ይበል።

ጂንስ እቤት ይቅር። አንዴ ከረጠበ ይከብዳል፣ በዚህ ብርድ ደግሞ ቶሎ አይደርቅም። ቀለል ያለ ሱሪና የሱፍ ሹራብ ይዛችሁ ሂዱ። ጋቢ የግድ ነው፤ ግን ከማረፊያችሁ ክፍል እንዳይወጣ። ጋቢ ከረጠበ ሁለት ሌሊቱም አለቀ።

የእያንዳንዱን ሰው ቅያሪ በየፌስታሉ አስራችሁ ለዩ። ከዚህ ሌላ አንድ ቦርሳ የማይነካ ይሁን፦ የሌሊት ልብስ፣ ደረቅ ካልሲ፣ ፎጣ። ምንም ቢመጣ ማታ ላይ ደረቅ ነገር የሚለበስ መኖር አለበት።

የቀረው ጥቃቅን ነው። የእጅ ባትሪ፣ ፓወር ባንክ፣ ልብስ ማስጫ ገመድ፣ አሮጌ ጋዜጣ፣ የራስ ምታትና የጉንፋን መድኃኒት። ጥሬ ብርም ያዙ፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ቴሌብር አይሠራም።

5. መንገድ ላይ

የመሄጃውም የመመለሻውም ጉዞ ጠዋት ይሁን። በታክሲ ለሚሄድ ሰው ይሄ የበለጠ ይጠቅመዋል፤ ዝናብ ከያዘ በኋላ ሰልፉ ይረዝማል፣ ታክሲው ይጠፋል።

ወደ እንጦጦና ሱሉልታ ሲወጡ ጉም ያጋጥማል። ጉም ውስጥ ረጅም መብራት አታብሩ፤ ብርሃኑ ከጉሙ ተመልሶ ዓይናችሁን ይመታል። አጭሩን አብርታችሁ ቀስ በሉ። ከፊት ካለው መኪና ጋር ያለውን ርቀት አስፉ። ጎማው ያለቀ መኪና በዚህ ወቅት ከከተማ አይወጣም፤ አለቀ።

ጎርፍ ላይ አትከራከሩ። የሚሮጥ ውሃ 15 ሳንቲ ሜትር ብቻ ሆኖ ሰው ይጥላል፤ 30 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ ትንሽ መኪና ሊያንሳፍፍ ይችላል። እናንተ ያላችሁበት ደረቅ ቢሆንም ተራራው ላይ ከዘነበ ወንዙ ድንገት ይሞላል። ቁሙና ጠብቁ። ዝናቡ ሲያባራ ብዙ ጊዜ ውሃውም አብሮ ይቀንሳል።

ከአስፋልት መውጣት ካለባችሁ አፈሩን እዩ። ጥቁር መረሬ ከሆነ ጎማ ላይ ተጣብቆ መኪናውን ያንሸራትታል፤ ከባድ መኪና ያለውም አይተርፍም። አካባቢው ላይ ያገኛችሁትን ሰው ጠይቁ። «አካም» ብላችሁ ሰላም በሉ፣ «ገለቶማ» ብላችሁ አመስግኑ። ያ ሰው «አይሞከርም» ካለ አይሞከርም። ካርታው መንገድ አለ ቢልም አትስሙት።

6. ጠዋቱን ተጠቀሙበት

እንጦጦ ከሆናችሁ መጀመሪያ ወደ እንጦጦ ማርያም ሂዱ። ዐፄ ምኒልክ ዘውድ የጫኑት ጥቅምት 1882 ዓ.ም እዚያ ነው። አጠገቡ ሙዚየምና የድሮው ቤተ መንግሥት አለ። ይሄን የምለው ለታሪኩ ብቻ ብዬ አይደለም። ጣሪያ አለው። ጉሙ ከተማዋን ከሸፈናት ውስጡን እያያችሁ ትጠብቃላችሁ፤ ሲገለጥ ወጥታችሁ ታዩዋታላችሁ። በ2013 ዓ.ም የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክም ተጠርጎ የተሠራ መንገድ ስላለው ክረምት ላይ ከጫካው የእግር መንገድ ይሻላል። ነፋስ ካለ ከባሕር ዛፍ ስር አትቀመጡ፤ ቅርንጫፉ ይገነጠላል።

ሱሉልታና ገፈርሳ የወፍ ቦታ ናቸው። ዕድል ከቀናችሁ ክንፈ ሰማያዊውን ዝይ ታያላችሁ፤ ከኢትዮጵያ ውጭ አይገኝም። ልጆችን ቁጠሩ በሏቸው። መቁጠር ሲጀምሩ ብርዱን ይረሱታል።

ሱባ ከደረሳችሁ ደግሞ ሌሊቱን ዘንቦ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ወደ ዛፎቹ ጫፍ ቀና በሉ። ጉሬዛዎች ፀጉራቸውን ለማድረቅ እላይ ወጥተው ይሞቃሉ። በበጋ ቅጠል ውስጥ የሚሸሸጉት ያኔ በግልጽ ይታያሉ። ከደኑ ውስጥ ካፊያ ብዙም አይሰማም፤ ነገር ግን ዝናቡ ካባራ በኋላም ቅጠሉ ለረጅም ጊዜ ያንጠባጥባል፤ ካፖርቱን ቶሎ አታውልቁ። የምኒልክ ድኩላም እዚያው ደን ውስጥ ይኖራል። ዝም ያለ ሰው ያየዋል።

አንዳንዱን ለበጋ ተዉት። ደብረ ሊባኖስ አጠገብ ያለው የድሮ የድንጋይ ድልድይ ገደል አፍ ላይ ነው፤ ድንጋዩ ሲረጥብ አደገኛ ነው። ወንጪ ሐይቅ ውስጥ ወዳለችው የቂርቆስ ገዳም ደሴት በጀልባ መሻገርም ነፋስና ጉም በሌለበት ወር ያምራል።

ነጎድጓድ ከሰማችሁ ወዲያው ተመለሱ። ከብልጭታው እስከ ድምፁ ያለውን ሴኮንድ ቁጠሩ፤ 3 ሴኮንድ ማለት 1 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 30 ሳትደርሱ ከጮኸ ቅርብ ነው። ብቻውን የቆመ ዛፍ ስር አትጠለሉ፣ ከሜዳና ከጀልባ ውረዱ። በሩና መስኮቱ የተዘጋ መኪና ጥሩ መጠለያ ነው። ከመጨረሻው ድምፅ በኋላ 30 ደቂቃ ጠብቃችሁ ውጡ።

7. ከሰዓቱን ሙሉት

እንደገባችሁ ልብስ ቀይሩ፤ «ቆይ ትንሽ ልረፍ» የለም። ከዚያ ትኩስ ነገር ይቅረብ። በፍስክ ቀን ገንፎ በቅቤ የክረምት ንጉሥ ነው። በጾም ሽሮና ንፍሮ አለ። በረንዳው ላይ ምድጃ ካለ በቆሎ ጥበሱ። ወተት ከሰፈር ከገዛችሁ አፍሉት። ከዚያ ቡና፣ ፈንዲሻ፣ ሦስቱም እስኪወርድ። ከተማ ውስጥ ጊዜ ጠፍቶ አቦል ብቻ ጠጥተን የምንሮጥ ሰዎች እዚህ በረካ መድረስ እንችላለን።

ልጆቹን ስልክ አትከልክሏቸው፤ መብራት ሲጠፋ ስልኩ ራሱ ያልቃል። ያኔ እንቆቅልሽ ጀምሩ። መመለስ ያቃተው «አገር ስጠኝ» ሲባል አገር ይሰጣል፤ ደንቡን የማያውቅ ልጅ ጎንደርን ከነቤተ መንግሥቱ አስረክቦ ሲደነግጥ ማየት ነው። ገበጣ እንጨቱ ባይኖር የእንቁላል ካርቶንና ባቄላ ይበቃል። አያት አብረው ካሉ ተረቱን ለእሳቸው ልቀቁ። «እማማ፣ እናንተ ልጅ ሳላችሁ ክረምት ምን ትጫወቱ ነበር?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ልጅ ካለ የማታው ፕሮግራም ተሟላ።

ነጎድጓድም በረዶም ከሌለ ደግሞ ልጆቹን ሆን ብላችሁ ዝናብ ውስጥ ልቀቋቸው። ቦት አድርገው ሩብ ሰዓት ውሃውን ይርገጡ። ግን መጀመሪያ ሙቅ ውሃው መኖሩን አረጋግጡ። ጳጉሜን 3፣ የሩፋኤል ዕለት ላይ ከወጣችሁማ ጠበል ነው ተብሎ አዋቂውም ይጠመቅበታል፤ እናንተም ተቀላቀሉ።

8. ከሰል ክፍል ውስጥ አይገባም

ይሄን ለብቻው ያነሳሁት ሰው ስለሚሞትበት ነው። ክረምት ላይ ክፍል ሲቀዘቅዝ ማንደጃውን አስገብቶ በርና መስኮት ዘግቶ መተኛት የተለመደ ነው። የሚነደው ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ጭስ የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም። ደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ከ200 እጥፍ በላይ በሆነ ኃይል ይይዛል። መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፤ ከዚያ እንቅልፍ ይጥላል። የተኛ ሰው ምልክቱን አያውቀውም።

አመድ የለበሰ ፍምም ጋዙን ያወጣል። አጠገቡ ውሃ ማስቀመጥ አያድንም። መስኮት ትንሽ ከፈት ማድረግም ዋስትና አይሆንም። ቡናው በረንዳ ላይ ይፈላ፤ ሲያልቅ ማንደጃው ውጭ ይደር። ክፍሉ ከበረደ ጋቢ ጨምሩ፣ ፕላስቲክ ጠርሙስ ላይ ሞቅ ያለ ውሃ ሞልታችሁ በፎጣ ጠቅልላችሁ እግር ስር አድርጉ። ጀነሬተርም ይሄንኑ ጋዝ ስለሚያወጣ መስኮታችሁ ስር እንዳይነሳ ንገሯቸው።

አብሮ የተኛ ሁሉ ራሱን ካመመው ጉንፋን ነው አትበሉ። ሁሉንም ወደ ውጭ አውጡና ወደ ሕክምና ውሰዱ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው።

9. የመመለሻው ጠዋት

ሒሳቡን ማታውኑ ጨርሱ፤ ጠዋት መብራት ከሌለ ደረሰኝ እስኪወጣ ትቆማላችሁ። የረጠበውን ልብስ ከደረቀው ጋር አትክተቱ፤ ሁሉም ይሸታል። ውሃ አቋርጣችሁ ከመጣችሁ ፍሬኑን ቀስ እያላችሁ ደጋግማችሁ ያዙት፣ እስኪደርቅ ደህና አይዝም።

ቤት ስትደርሱ ጫማው ውስጥ ጋዜጣ ጠቅጥቁ፤ ሲረጥብ አውጥታችሁ ሌላ ጨምሩ። እሳት ዳር አታስጠጉት፤ ቆዳው ይሰነጠቃል፣ ማጣበቂያው ይለቃል። የቦቶቹን ጭቃ ሳይደርቅ እጠቡትና ዘቅዝቃችሁ አስቀምጡ። የዝናብ ካፖርቱን እርጥብ እንደሆነ አታጥፉት፤ ይሻግታል። የሚቀጥለው ብራ ጠዋት ላይ ሁሉንም ገመድ ላይ አውጡት፣ ከ6 ሰዓት በፊት አስገቡት።